ባለጉርዱ

ወንድ ልጅ በጉርድ ቀሚስ የተነሳ ሴት ሲያስለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን አስለቅሶኛል። ጉርዱ የሌላ ሴት ቢሆን እንኳ ወግ ነበረው። የራሱ ነው።

አገሪቱ እባላለሁ። ጄኔቭ ውስጥ፣ ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው የኤምባሲዎች ሰፈር፣ አንድ ዲፕሎማት ቤት ተቀጥሬ ልጆች እይዛለሁ፣ ምግብ እሠራለሁ፣ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። እሑድ ግን የራሴ ነኝ። ፕላንፓሌ አደባባይ ላይ የአሮጌ ዕቃ ገበያ በሚቆምበት እሑድ ደግሞ ከእኔ የሚቀድም ሰው የለም። አልገዛም፤ የማልገዛውን ሁሉ እያነሳሁ እጠይቃለሁ። እናቴ በልጅነቴ «አንቺን የሚያጠፋሽ ‘ይሄ ምንድን ነው?’ ማለት ነው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው።

ሱራፌልን ያገኘሁት እዚያ ነው። ከአንድ ክምር ውስጥ ባለ ካሬ የሱፍ ጨርቅ አየሁና ጫፉን ያዝኩ። ቡናማና አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ለእግር መሸፈኛ የሚሆን ግሩም ጨርቅ ነው። ሳብ ሳደርገው አልመጣም። ለካ ሌላኛውን ጫፍ አንድ ረጅም ልጅ ይዞታል።

«እኔ ነኝ የቀደምኩት» አልኩት በፈረንሳይኛ። አልለቅም ሲለኝ፣ ለራሴ በአማርኛ «ምን ያለው ደረቅ ነው» አልኩ።

«ደረቅ ምንድን ነው?» አለኝ በአማርኛ፣ እየሳቀ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን ከልቡ ነበር የጠየቀው። ጥርሱን ሳይነቅል ነው ከአገር የወጣው፤ ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ ከእናቱ ጋር አድጎ፣ የሙያ ትምህርቱን ጨርሶ፣ የተራራ ልብስና የጀርባ ቦርሳ በሚጠግን አነስተኛ የስፌት ቤት ይሠራል። አማርኛው ከእናቱ አፍ የሰማው ብቻ ነው። እናቱ ያላሉትን ቃል አያውቅም።

«ለምን ፈለግሽው?» አለኝ ጨርቁን ሳይለቅ።

«ብርድ ልብስ ላደርገው። አንተስ?»

«ለጉርድ።»

«ለእህትህ?»

«ለእኔ።»

አዘንኩለት። «ወንድሜ፣ ጉርድ ሴት የምትለብሰው ነው። ሱሪ ልትል ፈልገህ ነው።»

«ገናው። ጉርድ። ተራራ ስወጣ የምለብሰው» አለና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ዳገት ላይ ቆሟል። ጫማው የተራራ ጫማ፣ ካልሲው እስከ ጉልበቱ፣ በእጁ ዱላ፣ በጀርባው ቦርሳ። ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ደግሞ ባለ ካሬ፣ ከኋላው እጥፍ በእጥፍ፣ ፕሊሴ የሆነ፣ እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ስመኘው የኖርኩት ዓይነት ጉርድ።

ከት ብዬ ሳቅሁ። ስቄ ስጨርስ ግን ጥያቄው ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሰው በገዛ ፈቃዱ፣ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ጉልበቱን አራቁቶ ተራራ የሚወጣው ለምንድን ነው? አልተውኩትም። አደባባዩን ሦስት ጊዜ አዞርኩት መሰለኝ።

«ስኮትላንድ ያሉ ሰዎች ኪልት ይሉታል» አለኝ። «ሱሪ ዳገት ላይ ጉልበት ይይዛል። ላብ ሲመጣ ይለጠፋል። ዝናብ ከመታው ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። ይሄ ግን አየር ይገባል፣ እግር እንደፈለገ ይሄዳል። ከኋላ ብዙ እጥፍ ስላለው አይበርድም። ስትቀመጪ ደግሞ እንደ ትራስ ነው።»

«ነፋስ ቢገልበውስ?»

ጆሮው ቀላ። «ሱፍ ከባድ ነው። ከሥር ደግሞ ቁምጣ አለ።»

«ቁምጣ ካለህ ታዲያ ቁምጣውን ብቻ አትለብስም?»

«ያኔ ቁምጣ ነው» አለኝ፣ ነገሩን ሁሉ ያስረዳ ይመስል። «እኔም መጀመሪያ እንዳንቺ ነበር የሳቅኩት። አንድ ሽማግሌ ነው ያስተማረኝ። ቦርሳ ሊያስጠግን መጥቶ፣ ‘አንድ ቀን ሞክረውና ከዚያ ትስቃለህ’ አለኝ። ሞከርኩ። አልሳቅኩም።»

ይህን ሲል ያየኝ አስተያየት ነው ጉድ ያደረገኝ። እየሳቅሁበት እንደሆነ ያውቃል፣ አልከፋውም፤ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። እንዲህ ጠብቆኝ የሚያውቅ ወንድ አልነበረም። ጨርቁን ለቀቅሁለት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማሳጠር ይሻላል። በየእሑዱ ወይ እሱ ባቡር ይይዛል፣ ወይ እኔ። ተጣልተናልም። ዙሪክ ያደገ ልጅ ስለሆነ «ልክ ነው» ለማለት በጀርመንኛ «ገናው» ይላል፤ እኔ ደግሞ ለብዙ ጊዜ «ገና ነው» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ስሸኘው፣ እንደምንም ደፍሬ «ትወደኛለህ እንዴ?» ብለው፣ «ገናው» ብሎኝ ባቡሩ ውስጥ ገባ። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩት። ነገሩ ሲገባው በስልክ እስኪያስለው ሳቀ። ያን ጊዜ ልብ ብል ኖሮ፣ እኔና እሱን የሚያጣላን ሰው ሳይሆን ቃል መሆኑን አውቅ ነበር።

አንድ ቀን በፖስታ ጥቅል ላከልኝ። ያን የተጓተትንበትን ጨርቅ ለሁለት ከፍሎ፣ በግማሹ ለራሱ፣ በግማሹ ለእኔ ጉርድ ሰፍቶበታል። በጎኑ የቆዳ ማሰሪያና ዘለበት አለው። የመጨረሻው ፕሊሴ ጠርዝ ላይ በቀይ ክር ትንሽ ጥልፍ ጣል አድርጎበታል። የሰፋውን ልብስ ሁሉ እንዲያ ነው የሚፈርመው።

ክፍሌን ቆልፌ ለበስኩት። በደረጃው ወጣሁ፣ ወረድኩ። እውነትም ጉልበት የሚይዝ ነገር የለም። ሦስተኛውን ዙር ስወጣ የቆቦው አጎቴ መላኩ ትዝ አለኝ። እሱ ገበያ ሲወርድ ሽርጡን ታጥቆ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ይውል ነበር። ማንም ስቆበት አያውቅም። አንድ ጨርቅ አንዱ አገር ላይ የወንድ፣ ሌላው ላይ የሴት የሚሆነው ማን ወስኖት ነው እያልኩ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቱን።

ወይዘሮ የሻረግን ያየኋቸው አንድ ጊዜ ነው፣ ዙሪክ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ። ነጠላቸው የጸዳ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ቦታ የሚለቅላቸው ሴት ናቸው። እጄን ያዙና «የት ነው የምትሠሪው ልጄ?» አሉኝ።

«ጄኔቭ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው» አልኳቸው።

እጄን እንደያዙ ዓይናቸው ወደ ጣቶቼ ወረደ። ቆየ። ከዚያ ለቀቁኝና «ይሁን» ብለው ዞር አሉ። «ይሁን» ብቻ። ሱራፌል «እማዬ ዝምተኛ ናት» አለኝ፤ እኔ ግን እንደዚያ ዓይነቱን ዝምታ በየሳሎኑ ትሪ ይዤ ስገባ አውቀዋለሁ። የዚያን ዕለት እስከ ጄኔቭ ድረስ ጣቶቼን ደብቄ ሄድኩ።

ስለዚህ ሱራፌል «እሑድ ነይ፤ መጀመሪያ ከሽማግሌው ጋር ሆነን ኡትሊበርግን እንወጣለን፣ ከዚያ እማዬ ጋ ምሳ እንበላለን» ሲለኝ፣ ተራራው አላስፈራኝም። ምሳው ነው ያስፈራኝ። ቢሆንም የቅናሽ ቲኬት ገዛሁ፣ ጉርዴን በእንፋሎት ተኮስኩ፣ እሑድን መጠበቅ ጀመርኩ። ያ ምሳ ወይ የቤት ልጅ ያደርገኛል፣ ወይ በር ላይ ያስቀረኛል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ሱራፌል አማርኛ የሚጽፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ስልኩ ወደ ግዕዝ ይለውጥለታል። «ናፍቀሽኛል» ብሎ የጻፈው «ንፍቅሽ ናል» ሆኖ ሲደርሰኝ እየሳቅሁ የኖርኩ ነኝ። ያን ቀንም ፈገግ እያልኩ ነው የከፈትኩት።

«እማዬ ተቆታለች። ሰው እየሳቀብህ ነው፣ ከገረድ ጋር መታየት ይብቃህ አለች። ሳስበው ልክ ነች። እሁድ ተራራው ይቅር።»

ሽንኩርቱ ማረር ጀመረ፤ አላወረድኩትም።

«ተቆጥታለች» ብሎ መጻፍ ያቃተው ሰው፣ ያቺን አንዲት ቃል ያለ አንዳች እንከን ጽፏታል። ገረድ። በዚህ ሥራ የኖረች ሴት ቃሉን ታውቀዋለች። «ሠራተኛ» ሲሉሽ የምትሠሪውን ነው የጠሩት። «ገረድ» ሲሉሽ ግን አንቺን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀምሮ ወይዘሮ የሻረግ አፍ ላይ ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው፤ የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ። በልጃቸው እጅ ተጽፎ ይደርሰኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። ደግሞ «ልክ ነች» አለ። ከሁሉ የገደለችኝ ይህቺ ናት።

አልመለስኩለትም። ብሎክ አደረግሁት። ከዚያ ያረረውን ሽንኩርት ደፍቼ አዲስ ከተፍኩ፤ እያለቀስኩ ማንም ምክንያቱን ሳይጠይቀኝ ቀረ።

በማግስቱ ከገበያ ስመለስ፣ ጎረቤት ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ ሉሉ አውቶቡስ ውስጥ አገኘችኝና መልእክቱን አሳየኋት። አንብባ አፏን ያዘች።

«ድሮስ ጉርድ የሚለብስ ወንድ ከእናቱ ጉርድ ሥር መቼ ይወጣል» አለች። ከዚያ ዓይኔን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቲኬቱስ?»

«የቅናሽ ነው። አይመለስም።»

«በይ እንግዲያው ሂጂ። ጉርዱን ፊቱ ላይ ወርውሪለት። ቢያንስ ቲኬቱ አይባክንም።»

ሉሉን ሰምቼ ሄድኩ ብል ውሸት ይሆናል። የሄድኩት ያው አመሌ ይዞኝ ነው። ያ ጠብቆ የሚያየኝ ዓይን፣ ያን ቃል እያለኝ ምን እንደሚመስል ማየት ነበረብኝ። ካላየሁ ዕድሜ ልኬን «ምንድን ነበር?» እያልኩ ልኖር ነው።

እሑድ ጠዋት ጉርዱን በፌስታል ጠቅልዬ ባቡር ያዝኩ። ሐይቁ በቀኝ በኩል እስከ ሎዛን ሸኘኝ፤ ሌላ ጊዜ ዓይኔን የማልነቅልበት ሐይቅ፣ ያን ቀን ውሃ ብቻ ነበር። የምለውን ስለማመድ ዙሪክ ደረስኩ። ወደ ዲቤንዶርፍ የሚሄደውን ባቡር ቀይሬ ገባሁና ከፊት ለፊቴ ያለውን ሰው ሳይ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ።

ጢሙ የነጣ ሽማግሌ ነው። የተራራ ጫማ፣ ረጅም ካልሲ፣ ባለ ካሬ ሰማያዊ ጉርድ። ሰው ሁሉ ጋዜጣ እያነበበ በጋዜጣው ላይ አሻግሮ ጉልበቱን ያያል፤ እሱ ግን ጭኑ ላይ የተጎነጎነ የእሑድ ዳቦ አስቀምጦ በመስኮት ይመለከታል። ዓይኔ ወደ ጉርዱ ጠርዝ ወረደ። የመጨረሻው ፕሊሴ ላይ ቀይ ክር አለ።

ንዴት የያዘው ሰው ዝም ብሎ መናደድ አለበት። እኔ አልቻልኩም።

«ይቅርታ፣ ይህን ልብስ ማን ነው የሰፋልዎት?» አልኩት በፈረንሳይኛ።

ፊቱ በራ። «ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ከሥሩ ምን እንደለበስኩ ነው» አለኝ፣ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ። «ማን ሰፋው ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ዲቤንዶርፍ ያለ አንድ ልጅ ነው። ዛሬ አብረን ኡትሊበርግን ልንወጣ ነበር፣ ቀረ። የጠገነልኝን ቦርሳ ልቀበለውና ብቻዬን እወጣለሁ።»

ያ ሽማግሌ መሆኑ ገባኝ። ስሙን አልጠየቅኩትም። ሱራፌልም እንደሁ ሁሌ «ሽማግሌው» እንዳለ ነው። አንድ ጣቢያ ላይ ወረድን፣ በአንድ መንገድ ሄድን። ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቀኝ «እዚያው» አልኩት። እርምጃውን ቀነስ አደረገልኝ።

የሱራፌል ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሽማግሌው ደወሉን ሲጫን እኔ ከጀርባው፣ ከዛፉ ሥር ቆምኩ። የበረንዳው በር ተከፈተ። ሱራፌል ብቅ አለ። ሱሪ ለብሷል።

«ገርድ!» ብሎ ጮኸ።

ጆሮዬ የሰማው «ገረድ» ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ ከፎቅ ላይ። ከዛፉ ሥር ወጥቼ «አቤት እንድልህ ነው?» ልለው አፌን ስከፍት፣ ሽማግሌው ከእኔ ቀድሞ እጁን አነሳና በጀርመንኛ የሆነ ነገር መለሰለት። ሱራፌልም መለሰለት። ገርድ። እንደገና፣ በፍቅር፣ ገርድ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «እስካሁን ስሜን አልነገርኩሽም» አለኝ። «ገርድ እባላለሁ።»

እጁን መጨበጤን አላስታውስም። ፊደሎቹ ዓይኔ ላይ መጡ። ረ አይደለችም፣ ር ናት። አንዲት ፊደል እግሯን አጥፋ ነው ይህን ሁሉ መንገድ ያስለቀሰችኝ።

ሱራፌል ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አላየሁም፤ ሳየው ፊቴ ቆሟል። ሁለት ቀን ያልተኛ ሰው ዓይን ነበረው።

«ለምን ዘጋሽኝ?» አለኝ። «ምን አደረግሁ? ከዚያ በኋላ የጻፍኩትን ሁሉ አላየሽም?»

ስልኩን ሰጠኝ። ያልደረሱኝ መልእክቶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው «ምሳው ግን አለ» ይላል። «ለአንድ እሁድ ልታዘዛት ብዬ ነው። እማዬ የምትወደውን ምግብ ጠይቃት ብላኛለች።»

የዓርቡን መልእክት ከፍቼ የእኔን ስልክ ሰጠሁት። አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«አዎ፣ ገርድ» አለኝ። «እማዬ ገርድን አትወደውም። ሁለት ጉርድ ለባሾች አብረው ሲሄዱ ሰው አይቶ ቤተ ክርስቲያን ስቆባታል። ምኑ ነው ያስከፋሽ?»

«ገርድ አይደለም የጻፍከው» አልኩት። «ገረድ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ንጹሕ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ልነግረው ስል ግን ሌላ ሰው ቀደመኝ።

«ምንድን ነው እሱ?» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ወይዘሮ የሻረግ ተከትለውት ወርደው የሕንፃው በር ላይ ቆመዋል፣ ሽርጥ የታጠቁ ይመስል ፎጣ ወገባቸው ላይ አስረው። ስልኩን ከልጃቸው እጅ ወሰዱና ራቅ አድርገው አነበቡት። ቀለማቸው ሲሄድ አየሁ።

«ማነው ይህን ቃል ያስተማረህ?» አሉት።

«ማንም። ስልኩ ነው የመረጠው። እማዬ፣ ገረድ ምንድን ነው?»

ወይዘሮ የሻረግ የበሩን እጀታ ያዙ።

«እኔ ነኝ» አሉት።

ገርድ፣ አንዲት ቃል ሳይገባው፣ ዳቦውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እኔ ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ ሳትወለድ፣ አዲስ አበባ፣ ሰው ቤት ተቀጠርኩ። የሻረግ የሚለኝ አልነበረም። ‘ገረዷን ጥሯት’ ይላሉ፣ እኔ አቤት እላለሁ። ለዚያ ቃል አቤት ስል ስንት ዘመን ኖርኩ። ወደዚህ አገር ሲዛወሩ ይዘውኝ መጡ፤ እዚያው ግራንድ ሳኮኔ። ከዚያ ቤት ወጥቼ አንተን ሳስመጣህ፣ ይህ ቃል የእኔን ቤት ደፍ አይረግጥም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ሳታውቀው አደግህ። ብታውቀው ኖሮ ባልጻፍከው።»

ሱራፌል እናቱን አቀፈ። «እማዬ» ብቻ ይላል።

እሳቸው በልጃቸው ትከሻ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ። «ያን ዕለት እጅሽን ስይዘው» አሉኝ፣ «በረኪና የነካው እጅ ነው። አወቅሁት። የራሴን እጅ የያዝኩ መሰለኝ። ምን ብዬ ላናግርሽ? ‘እኔም’ ልበልሽ? ልጄ ቆሟል፣ ሰው ቆሟል። አፈርኩና ዞር አልኩ። አንቺን የናቅሁሽ መሰለሽ አይደል?»

«መሰለኝ» አልኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

ንቀት ብዬ ጄኔቭ ድረስ የተሸከምኩት ነገር ለካ ሐፍረት ነበር፤ ያውም የእኔው ዓይነት። በጣም ቀለለኝ፤ በጣምም አዘንኩ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ ያደረግሁት ጥያቄ መጠየቅ ነው።

«ግን ወይዘሮ የሻረግ፣ ጉርዱ ምን አደረገዎት?»

«ሳቁበታ» አሉ እንባቸውን በፎጣው እየጠረጉ። «በእኔ ላይ የተሳቀው ይበቃል። በልጄም ላይ ሲስቁ መስማት አልችልም።»

«አገርዎ ወዴት ነው?»

«ወልድያ።»

«ታዲያ ቆቦ ገበያ ወርደው አያውቁም? ሽርጥ የታጠቀ ወንድ አላዩም? አጎቴ መላኩ በሽርጡ ያን ሁሉ ቆላ ሲያካልል ማን ሳቀበት? ጉርድ ያልነው እኛ ነን። ሽርጥ ብንለው ኖሮ ቤተ ክርስቲያንም ባልሳቀ።»

ወይዘሮ የሻረግ ገርድን ከጫማው እስከ ጢሙ በጥንቃቄ አዩት፤ መጀመሪያ የሚያዩት ያህል። ገርድ ግራ ተጋብቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዳቦውንም ዘረጋላቸው።

«ይሄስ» አሉ በመጨረሻ፣ «ዱላ ብቻ ነው የጎደለው። ግመል ሊገዛ የወረደ ነው የሚመስለው።» ከዚያ ሳቁ። ሱራፌል እናቱ እንዲህ ሲስቁ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዳቦውን ተቀብለው ገርድን በእጃቸው ወደ ውስጥ ሳቡት።

ቤት ገብተን ውሃ ስጠጣ ፌስታሉን አዩት። «ምን ይዘሽ ነው?»

«ጉርዴን ነው» አልኩ። ልወረውረው ነበር አላልኩም።

«ልበሽው እስቲ።»

ሱሪዬ ላይ አገለደምኩት። ዘለበቱ ግን እምቢ አለኝ። ወይዘሮ የሻረግ ወንበራቸውን ትተው መጡና ከፊቴ ተንበረከኩ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ቦታ የሚለቅላቸው ሴት፣ ወለሉ ላይ በጉልበታቸው።

«ኧረ ይነሱ፣ እኔ አስረዋለሁ» አልኩ ደንግጬ።

«ዝም በይ። ዞር በይ ወደዚህ።» ማሰሪያውን ሳቡ፣ ዘለበቱን ቆለፉ፣ ፕሊሴዎቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው አስተካከሉ። ቀዩ ክር ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «የእኔ ልጅ እጅ ነው» አሉ ለራሳቸው። «ጥሩ ይሰፋል።»

ሱራፌል የራሱን ጉርድ ለብሶ ከጓዳ ብቅ አለ። ተያየን። ያ ፕላንፓሌ ላይ ያየኝ ዓይን ነው፤ እስክጨርስ የሚጠብቀኝ። ዛሬ ግን ሳቄ የለም፤ እንባዬም አልቋል።

«አሁንም ትወደኛለህ?» አልኩት፣ ሰው መኖሩን ረስቼ።

«ገናው» አለኝ። ከዚያ ፈራ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ደገመው። «አዎ።»

«በሉ ሂዱ፤ ተራራው ወደ እናንተ አይመጣም» አሉ ወይዘሮ የሻረግ ከወለሉ እየተነሱ። «ምሳው ይቆያል።»

ገርድ ቦርሳውን አንግቶ ቀድሞ ወረደ። ሱራፌል ተከተለው። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ፤ እግሬ ደረጃው ላይ እንዳረፈ ከኋላዬ ተጠራሁ።

«አገሪቱ።»

ስሜን ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ቀስ ብለው፣ ፊደል ሳይገድፉ ነው የጠሩኝ።

«አቤት» አልኩ።